ክለባችን ቢፈርስስ?

ለአንድ ኳስ አፍቃሪ «ክለብህ ነገ ቢፈርስ ምን ታደርጋለህ?» ብትሉት መጀመሪያ ይስቃል። «የእኔ ክለብማ አይፈርስም» ይላችኋል። ደግማችሁ ብትጠይቁት ግን ፈገግታው ይጠፋል። አንዱ «ኳስ ማየት አቆማለሁ» ይላል። ሌላው «ሌላ ክለብ መደገፍማ ክህደት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ክለቡ እኛ ነን፤ ቢፈርስ መልሰን እናቆመዋለን» ብሎ ይፎክራል። እነዚህን መልሶች ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ከኳስ ያለፈ ነው። ሰው የሚወደው፣ ስሙን የሚጠራበት፣ ከብዙዎች ጋር «እኛ» የሚልበት ነገር ከእጁ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ይህ ነው።

እኛ በቢሾፍቱ የምንኖርና የምናገለግል አማኞች ይህ ጥያቄ በደጃችን ያለ ይመስለናል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ያሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች ጢም ብለው ይሞላሉ። ባጃጁ ላይ የአርሴናል ወይም የማንችስተር ዩናይትድ አርማ ተለጥፏል። ለንደንን በዓይኑ ያላየ ወጣት የመድፈኞቹን አሰላለፍ እንደ ቤተ ዘመድ ስም ይጠራል። የፈረሰኞቹና የቡና ደጋፊም ሞልቷል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የእኛው የመዘምራንና የወጣቶች ኅብረት አባላት ናቸው። የእሑድ ፕሮግራም ሲረዝም ዓይናቸው ወደ ስልካቸው የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለመገሠጽ አይደለም። «ኳስ ጣዖት ነው» የሚል ስብከት ብዙ ተሰብኳል። በእርግጥ የሰው ልብ ከማንኛውም ነገር ጣዖት መሥራት ይችላል፤ ከኳስም፣ ከገንዘብም፣ ከአገልግሎትም። በስፖርት ውርርድ ደመወዙን የሚበላ ወንድም ካለ እርሱን በግልጽ ልንመክረው ይገባል። ይሁን እንጂ ክለብን መውደድ በራሱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ሰው ለብቻው እንዲኖር አልተፈጠረም። አብሮ የሚደሰትበትና አብሮ የሚያዝንበት ወገን ይፈልጋል። ይህ ረሃብ ከፈጣሪ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ረሃቡን አናፌዝበትም። ይልቅስ «ይህ ረሃብ የተቀመጠው በምን ላይ ነው? የተቀመጠበት ነገር ቢፈርስስ?» ብለን እንጠይቃለን።

በአገራችን የሆነው

ክለብ አይፈርስም የሚል ሰው የአገራችንን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በታችኛው ሊግ ተወዳድሮ እንዲመለስ አልተደረገም፤ እንዲፈርስ ተወሰነ። ባንኩ ግን እንዳለ ነበር። ቅርንጫፎቹ በየከተማው በራቸውን ከፍተው ይሠሩ ነበር። የጠፋው ቡድኑ ብቻ ነው። ቡድን ሲፈርስ የሚጠፋው ደግሞ የዋንጫ ተስፋ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ፣ ወጌሻው፣ ሾፌሩ፣ ትጥቅ ያዡ እንጀራቸው ይነካል። የደጋፊው ስሜት ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ደደቢትንም አስቡ። በ2005 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን ነበር። ጌታነህ ከበደን የመሰሉ ግብ አዳኞች የተጫወቱበት ቡድን ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በ2011 ዓ.ም. ውድድር ፍጻሜ ላይ ከሊጉ ወረደ። ዛሬ በፕሪምየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ስሙን ብትፈልጉ አታገኙትም። ዋንጫ ያነሳ ክለብ ሁሉ ይኖራል ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የትግራይ ክለቦች ታሪክ ነው። ደደቢት በወረደበት በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳው መቐለ 70 እንደርታ ነበር። ሻምፒዮን በሆነ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ፈነዳ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራትና ስሑል ሽረ ከሊጉ ውጪ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ደጋፊው የሚያለቅሰው ለክለቡ አልነበረም። ለወንድሙ፣ ለእናቱ፣ ለራሱ ሕይወት ነበር። ሕዝብ ሲያልቅ ስለ ኳስ ማውራት ነውር ይመስላል። ሆኖም ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ሦስቱም ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ ሲመለሱ የብዙ ሰው እንባ ፈሷል። የክለቡ ስም እንደገና መጠራቱ «እኛም አለን» የማለት ያህል ነበር።

ባለቤቱ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በመንግሥት ድርጅት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ከስታዲየም መግቢያ ትኬት የሚገኘው ገቢ የተጫዋች ደመወዝ አይሸፍንም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ እየተላለፉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሲካሄዱ ቆይተዋል። ጎረቤታችን አዳማ ከእነዚህ አንዷ ናት። የባሕር ዳር ወይም የወላይታ ድቻ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት እስከ አዳማ መምጣት፣ ካልቻለም በቴሌቪዥን መከታተል ነበረበት። የሜዳ ባለቤትነት እንኳ ከደጋፊው እጅ ራቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ደጋፊው «ክለቤ» ይላል፤ ነገር ግን ክለቡ የእርሱ አይደለም። ማልያው የእርሱ ነው፣ ጩኸቱ የእርሱ ነው፣ በሽንፈት ቀን ያጣው እንቅልፍ የእርሱ ነው። በጀቱ ግን የሌላ ነው። በጀት የያዘው አካል በአንድ ስብሰባ «ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑ ፈርሷል» ቢል ደጋፊው የሚሰማው በሬዲዮ ነው። የሚወደውን ነገር ዕድሜ የሚወስነው እርሱ የማያውቀው ሰው ነው።

ይህን ስንል ባንኩን ወይም የከተማ አስተዳደሮችን ለመውቀስ አይደለም። የድርጅቱ ዋና ሥራ ኳስ አይደለምና ኪሱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህንኑ ነው። መልእክታችን ሌላ ነው። በአንድ ኪስ ላይ የቆመ ነገር ያ ኪስ ሲዘጋ ይወድቃል። ጌታችን በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት ሲናገር (ማቴ. 7፥24-27) ቤቱ አስቀያሚ ነበር አላለም። ምናልባት ከሌላው ያማረ ነበር። ጎርፉ እስኪመጣ ድረስ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት አላፊ አግዳሚው ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሲፈርስ ደጋፊ ምን ያደርጋል?

የዓለም ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አለው። እንግሊዝ አገር በሪ የሚባል ክለብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ተመሥርቶ የኤፍ ኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሳ አንጋፋ ክለብ ነው። በ2019 በገንዘብ ችግር ምክንያት ከእግር ኳስ ሊጉ ተሰረዘ። ለአያቱ፣ ለአባቱ፣ ለእርሱም የቅዳሜ ልማድ የነበረው ነገር በአንድ ቀን ተቋረጠ። የሊጉ ውድድር ግን ቀጠለ። ዓለም ለማንም ክለብ ብሎ አይቆምም።

የዊምብልደን ደጋፊዎች ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የክለባቸው ባለቤቶች ቡድኑን ነቅለው ከለንደን ውጪ ወዳለች ሚልተን ኪንስ ወደምትባል ከተማ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። ከዚያ በኋላ ግን ራሳቸው ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደን የሚባል አዲስ ክለብ መሠረቱ። ተጫዋች የመረጡት በሕዝብ መናፈሻ ሜዳ ላይ ነው፤ መጫወት እችላለሁ ያለ ሁሉ መጥቶ ተሞከረ። ከታችኛው እርከን ጀምረው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ በ2011፣ ወደ እግር ኳስ ሊጉ ወጡ። በ2020 ደግሞ ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው ወደ ፕላው ሌን ተመልሰው አዲስ ስታዲየም ገቡ። ሕንፃውም፣ የሊግ ቦታውም፣ ተጫዋቾቹም ተወስደውባቸው ነበር። ያልተወሰደው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነበር።

የእኛም አገር ታሪክ ተመሳሳይ ነገር አለው። የንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በፈረሰበት ዘመን ያንን ስም በሜዳ ላይ የያዙት ሴቶቹ ነበሩ። ብዙ ተመልካች ሳይኖራቸው ተጫወቱ፤ የሊጉን ዋንጫ ደጋግመው አነሱ፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፉ። የወንዶቹም ቡድን እንደገና ተቋቁሞ ከታች ተነሣ፤ በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ፈርሷል የተባለው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ!

እንግዲህ የደጋፊ መንገድ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። አንዱ ልቡ ተሰብሮ ቤቱ ይቀመጣል። አንዱ ከቀሩት ጋር ሆኖ ከምንም ይጀምራል። የትኛው ደጋፊ የትኛውን መንገድ እንደሚሄድ ክለቡ ከመፍረሱ በፊት ማወቅ ያስቸግራል። በዋንጫ ቀን ሁሉም እኩል ይጨፍራልና።

የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በዚህ በእኛ አካባቢ አንድ «ክለብ» በመንግሥት ትእዛዝ እንዲፈርስ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል ከፍተው ነበር። ከእነርሱ አገልግሎት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። በ1960ዎቹ ደግሞ በዚያው በናዝሬት በተማሪዎች መካከል «ሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ተቀጣጠለ። የአገራችን የወንጌል አማኞች ታሪክ ሲጻፍ ይህች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ሳትጠቀስ አታልፍም።

በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት መሠረተ ክርስቶስን ዘጋት። የጸሎት ቤቶቿ ተወረሱ። ንብረቷ ተወሰደ፤ የባንክ ሒሳቧ ታገደ። መሪዎቿ ታስረው ዓመታት በእስር አሳለፉ። ከላይ ባየነው ሚዛን ብትመዝኑት ሁሉም ነገር አልቋል። ሜዳው የለም፣ በጀቱ የለም፣ አሠልጣኙ የለም፣ ስሙም በአደባባይ አይጠራም። በዚያን ጊዜ የነበሩት አባላት ወደ 5,000 ይገመቱ ነበር።

ምእመናኑ ምን አደረጉ? በየቤቱ ገቡ። በጥቂት በጥቂቱ ሆነው፣ መዝሙሩን በለሆሳስ፣ ጸሎቱን በሹክሹክታ አደረጉት። አንድ ቤት እንዳይታወቅ ቦታ ይቀያየር ነበር። ቀድሞ በመድረክ ያልታዩ እህቶች የቤት ኅብረቶችን መሪዎች ሆኑ። ቡና ሲፈላ ቃሉ ይነበብ ነበር፤ ለጎረቤት የሚታየው ቡናው ነው። ደርግ ወድቆ በሮች ሲከፈቱ ከየቤቱ የወጣው ሕዝብ ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን በአሥር ዓመት ውስጥ ከስድስት እጥፍ በላይ አደገች! ዛሬ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ ያለው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። በግቢው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል ማለት ግን አይደለም።

ይህን የምንተርከው የአንድ ቤተ እምነት ሰዎች ለመኩራራት አይደለም። መካነ ኢየሱስም፣ ቃለ ሕይወትም፣ ሙሉ ወንጌልም የዚያን ዘመን እሳት በየራሳቸው ቀምሰዋል። ስደትንም ለማሞገስ አይደለም። የታሰረው ታስሯል፤ የልጅነት ዘመኑን ያለ አባት ያሳለፈ አለ፤ በፍርሃት ወደ ኋላ የተመለሰም አለ። ስደት ይምጣልን ብሎ የሚጸልይ ሰው ስደትን የማያውቅ ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሊዘጋ የሚችለው ሲዘጋ ሊዘጋ የማይችለው ምን እንደሆነ ታየ። የዕብራውያን ጸሐፊም የሚናወጠው ነገር የሚናወጠው፣ የማይናወጠው ጸንቶ እንዲገለጥ እንደሆነ ያስተምረናል (ዕብ. 12፥26-28)።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ደጋግሞ ያሳየናል። በኤርምያስ ዘመን ሕዝቡ መቅደሱ በመካከላችን አለና ምንም አንሆንም ብለው በሕንፃው ተመክተው ነበር። ነቢዩ ይህ ትምክህት ሐሰት እንደሆነ ነገራቸው (ኤር. 7፥4)። ሕንፃው በእርግጥ ፈረሰ፤ እግዚአብሔር ግን በባቢሎንም የሕዝቡ አምላክ ነበር። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያንም በስደት ተበተነች። የተበተኑት ግን በሄዱበት ሁሉ ወንጌሉን ተናገሩ፤ እስከ አንጾኪያ ደረሱ (ሐዋ. 8፥1-4፤ 11፥19-26)። ደቀ መዛሙርት ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት እዚያው የስደተኞች ከተማ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ የዊምብልደን ደጋፊና የቤት ኅብረት አማኝ ምን ለያቸው? ሁለቱም የሚወዱትን በጽናት ጠበቁ» ሊለን ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጽናታቸው ብዙ አይለያዩም። እንዲያውም አንዳንድ ደጋፊ ከአንዳንድ አማኝ ይልቅ ይጸናል፤ ቡድኑ በተከታታይ አምስት ጊዜ ሲሸነፍ እንኳ ማልያውን አያወልቅም። ከዚህ ልንማር ይገባናል።

ልዩነቱ ያለው ሕይወት ከማን ወደ ማን እንደሚፈስ ነው። ክለብ የሚኖረው ደጋፊው ስለሚወደው ነው። ደጋፊው ቢደክም፣ ቢያረጅ፣ ቢረሳ፣ ክለቡ አብሮት ያልቃል። የዊምብልደን ደጋፊዎች ክለባቸውን አስነሡት፤ ክለቡ ግን እነርሱን ሊያስነሣቸው አይችልም። እኛ ክርስቶስን በሕይወት አላቆየነውም። በስቅለቱ ዕለት ደጋፊዎቹ ሁሉ ሸሹ። ጴጥሮስ «አላውቀውም» አለ። በዚያች ዓርብ ማንም ማልያውን አልለበሰም። በሦስተኛው ቀን የተነሣው በደቀ መዛሙርቱ ጽናት አይደለም፤ የተነሣው እርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወደቁትን ሰብስቦ ያነሣቸውም እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያንን የሚሠራት እርሱ ራሱ እንደሆነ፣ የሞትም ኃይል እንደማያሸንፋት የነገረን ለዚህ ነው (ማቴ. 16፥18)። በ1974 የተዘጉት ቤቶች የእርሱ መኖሪያ ስላልነበሩ እርሱን መውረስ አልተቻለም።

ለእኛ የሚሆን ጥያቄ

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ጥያቄው ከደጋፊው ወደ እኛ ይመለሳል። በከተማችን ዛሬ ነፃነት አለ። ድምፅ ማጉያ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ አዳራሽ እንሠራለን። ይህ የእግዚአብሔር በጎነት ነውና እናመሰግናለን። ነገር ግን አንዳንዶቻችን ቤተ ክርስቲያንን የምንወዳት ክለብ እንደሚወደድ ሆኗል። የሰባኪው ስም በፖስተር ላይ ከሌለ አንመጣም። መሪዎች ሲጣሉ «እኔ የእገሌ ወገን ነኝ» እንላለን፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የገሠጸው ይህንኑ ነው (1ቆሮ. 1፥12-13)። አጥቢያ ሲከፈል አንዱ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ አንዱ ቤቱ ይቀመጣል። የደጋፊው ሦስት መንገዶች በእኛም መካከል አሉ።

ስለዚህ በእያንዳንዱ አጥቢያ ይህ ጥያቄ በግልጽ ቢጠየቅ እንወዳለን፤ በሚቀጥለው እሑድ በራችን ቢታሸግ፣ ሰኞ ማን የማንን በር ያንኳኳል? ስሙን የምናውቀው ወንድም አለ? ቤቱን የምናውቃት እህት አለች? ያለ መድረክ፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ሦስት ሆነን ቃሉን ከፍተን መማማር እንችላለን? ልጆቻችን ያለ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ከእኛ ከወላጆቻቸው ወንጌልን ሰምተዋል? አጥቢያችን የቆመችው በብዙ ምእመናን አሥራት ነው ወይስ በአንድ ባለ ገንዘብ ወይም በውጭ አገር ባለ አንድ ለጋሽ? ያ ኪስ ቢዘጋ ምን ይቀራል? እኛ የምናምነው ይህ ጥያቄ በሰላሙ ቀን ካልተመለሰ በክፉ ቀን መልስ እንደማይገኝለት ነው። የቤት ኅብረት ለደርግ ዘመን ብቻ የነበረ ታሪክ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ዛሬም ሐሙስ ማታ በአንድ ጠባብ ሳሎን የሚሰበሰቡ ሰባት ሰዎች ከእሑዱ ሺህ ሕዝብ ያላነሰ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሐዘንተኞች ነው። የሚወደው ነገር የፈረሰበትን ሰው እንዴት እንቀበለዋለን? ክለቡ የፈረሰበት ወጣት፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ያጣ አባት፣ አጥቢያዋ ተከፍላ ልቧ የተሰበረ እናት፣ ጦርነት ከቀዬው ያፈናቀለው ወንድም ሁሉ በቢሾፍቱ ጎዳና አብረውን ይሄዳሉ። «ይህማ ምን ያሳዝናል፣ ዋናው ነፍስ ነው» ብለን ፈጥነን አንመልስ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱት ሁለት ሰዎች ጋር የተጓዘበትን መንገድ እናስብ (ሉቃ. 24፥13-35)። ተስፋቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ ተስፋቸው የሚያወሩት እንዳለፈ ነገር ነበር፤ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ጌታ መጀመሪያ ያደረገው አብሯቸው መራመድ ነው። ቀጥሎ ጠየቃቸው፤ የሚያውቀውን ነገር ከእነርሱ አፍ ሰማ። ቃሉን የከፈተላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ማዕድም ቆረሰላቸው። በዚያች ሌሊት ተነሥተው ወደ ተውት ኅብረት ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያን የማትመጡ፣ ነገር ግን የምትፈልጉ ወዳጆቻችን እንዳላችሁ እናውቃለን። ክለባችሁን ተዉ አንላችሁም። ጨዋታውን እዩ፤ ስታሸንፉ ደስ ይበላችሁ። ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ የምወደው ነገር እኔን ያውቀኛል? ስታመም ይጠይቀኛል? ስሞት ያነሣኛል? በአንድ ስብሰባ ሊፈርስ በሚችል ነገር ላይ ልብን ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥ ለልብ ያሳዝናል። ስማችሁን የሚያውቅ፣ ስለ እናንተ የሞተና የተነሣ፣ ማንም በጀቱን የማይዘጋበት ጌታ አለ። እርሱን ለማወቅ ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። በአቅራቢያችሁ የሚያምን ጎረቤት ካለ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት በሩን አንኳኩ።

የሰበሰብከን ጌታ ሆይ፣ በስምህ እንጂ በሕንፃችን እንዳንመካ አድርገን። የተበተኑትን ሰብስብ፣ ተስፋቸው የፈረሰባቸውን አብረሃቸው ተጓዝ። ለከተማችን ለቢሾፍቱና ለአገራችን ሰላምህን ስጥ። አሜን።